ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ገበሬ በሰኔ የዘራው ዘር ሳይበቅል ቢቀር እርሻውን ትቶ አይሄድም። ማሳውን እንደ ገና ያርሳል፤ እንደ ገናም ይዘራል። ጎረቤቱ ቀድሞት ያጭድ ይሆናል፤ እርሱ ግን ዘግይቶም ቢሆን እህሉን ወደ ጎተራ ያስገባል። የትምህርትም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዳንድ ልጅ በፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ባገኘ ጊዜ መጽሐፉን ይጥላል፤ ሐኪም ወይም መምህር ለመሆን የነበረውንም አሳብ ይተዋል። እንዲህ ያለው ልጅ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ሐኪም ወርቅነህ ከኢትዮጵያ ልጆች መካከል የአውሮጳን የሕክምና ጥበብ ተምረው ሐኪም በመሆን የመጀመሪያው ናቸው። ነገር ግን ወደዚህ ማዕረግ የደረሱት በአንድ እርምጃ አልነበረም። የመጀመሪያው ምስክር ወረቀታቸው ዝቅተኛ ስለ ነበረ፥ ካደጉ በኋላ ሁለተኛ ወደ ትምህርት ተመልሰው ነው። በመንገዳቸውም ላይ ብዙ መሰናክል ነበረ።

ወርቅነህ በጥቅምት ወር 1857 ዓ. ም. በጎንደር ከተማ ተወለደ። አባቱ እሸቴ ይባላል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ፤ በአገሩም ጦርነትና ሁከት ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ተጣልተው የእንግሊዝን መልእክተኛና ሌሎችንም የውጭ አገር ሰዎች አሰሩ። ስለዚህ በጀኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር በባሕር መጥቶ እስከ መቅደላ አምባ ወጣ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ. ም. መቅደላ ተያዘች። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በዚያው አረፉ።

በዚያ ጭንቅ ቀን ብዙ ሰው ተበተነ። እናት ከልጇ፥ ወንድም ከእኅቱ ተለያየ። ሕፃኑ ወርቅነህም በመቅደላ ነበረና ከዘመዶቹ ተለይቶ ብቻውን ቀረ። ዕድሜው ገና ከ3 ዓመት ብዙ አላለፈም። የእንግሊዝ የጦር መኰንኖች አገኙት፤ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለውም መኰንን ራርቶ ወሰደው። ጦሩ ወደ ባሕር ሲወርድ ሕፃኑ አብሮ ወረደ፤ መርከብም ተሳፍሮ ወደ ሕንድ አገር ተሻገረ።

በዚያው ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ የእናቱንም አገር ዳግመኛ አላየም። ወርቅነህ ግን እንዲመለስ ተፈቅዶለት ነበር፤ ሆኖም መንገዱ ረዥም ነበረ።

በሕንድ አገር የሕፃኑ ኑሮ እንደ ገና ተናወጠ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ኮሎኔል ቻምበርሌን ሞተ፤ ልጁም ሁለተኛ አሳዳጊ አጣ። ከዚህ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ከሚጠራው ሰው አልነበረም። የአማርኛ ቋንቋውም ቀስ በቀስ ከአፉ ጠፋ። የሚያናግረው ካላገኘ ቋንቋ ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝ ይጠፋልና።

ልጁ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ቈጠረ። በዙሪያው ያሉት ልጆች ወላጅ አላቸው፤ እርሱ ግን የለውም። ሌሎቹ የአባታቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ እርሱ በባዕድ ቋንቋ ይማራል። ርስት የለውም፤ ከብት የለውም፤ በዕረፍት ጊዜ የሚሄድበት የዘመድ ቤት የለውም። ሀብቱ የተማረው ትምህርት ብቻ ነበረ፤ ስለዚህ ትምህርቱን አጥብቆ ያዘ።

በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበረ። ላሆር ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕንድ ውስጥ የነበረች ከተማ ናት፤ ዛሬ በፓኪስታን አገር ትገኛለች። ወርቅነህ ወደዚህ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም የሰው አካል እንዴት እንደ ተሠራ፥ በሽታ በምን እንደሚታወቅ፥ መድኃኒትም በምን ልክ እንደሚሰጥ ተማረ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1882 ዓ. ም. ትምህርቱን ፈጽሞ ምስክር ወረቀት ተቀበለ። ዕድሜው ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር።

ከዚህ ወዲያ የደስታ ዘመን የመጣ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በሕንድ አገር የሐኪሞች ደረጃ ሁለት ነበረ። በሕንድ በሚገኘው ትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ ረዳት ሐኪም ይሆናል። ከፍ ወዳለው ማዕረግ ለመድረስ በእንግሊዝ አገር ወይም በስኮትላንድ ተፈትኖ ሌላ ምስክር ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ረዳቱ ሐኪም በሽተኛ ያያል፥ ቍስል ያጥባል፥ መድኃኒት ይሰጣል፤ ዋናው ትእዛዝ ግን ከበላዩ ካለው ሐኪም ይመጣል። የወርቅነህም ምስክር ወረቀት ከዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ በፊታቸው ነበረ። አንደኛው መንገድ ባገኙት ረክቶ መቀመጥ ነው። ደመወዝ አላቸው፤ ሥራ አላቸው፤ ወላጅ አልባ ሆኖ ላደገ ሰው ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ሩቅ አገር ተጕዞ፥ ከታናናሾች ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጦ እንደ ገና መማር ነው። ይህ መንገድ ድካም አለው፤ ኀፍረትም የሚመስል ነገር አለበት። ለብዙ ዓመታት ሌላውን ሲያክም የኖረ ሰው እንደ ገና ተማሪ መሆን ይከብደዋልና። ወርቅነህ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ።

ስለዚህ ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። የስኮትላንድ ታላቅ ከተማ ኤዲንበርግ በሕክምና ትምህርት በዓለም የታወቀች ናት። እርሳቸውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1890 ዓ. ም. ገደማ በኤዲንበርግና በግላስጎ ከተሞች ተፈትነው በሕክምናና በቀዶ ጥገና ሙሉ ሐኪም የሚያሰኝ ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ከመጀመሪያው ምስክር ወረቀት እስከ ሁለተኛው ድረስ 8 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ ቡርማ ሄደው የአንድ አውራጃ ሐኪም ሆኑ። ቡርማ ዛሬ ማይንማር የምትባለው አገር ናት።

እንዲህ ባለ መንገድ የሄዱ ሌሎችም ሰዎች በዓለም ነበሩ። በስዊድን አገር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1707 ዓ. ም. ሊኔዎስ የሚባል የቄስ ልጅ ተወልዶ ነበር። አባቱ ልጁ ካህን እንዲሆን ፈልጎ ትምህርት ቤት አስገባው። ሊኔዎስ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በሜዳ ያለውን ቅጠልና አበባ ይወድ ነበረና በትምህርቱ ዝቅ አለ። በ1726 ዓ. ም. አባቱ የልጁን ትምህርት ሊጠይቅ ቢመጣ፥ መምህራኑ ይህ ልጅ ለትምህርት አይሆንምና የእጅ ሥራ ቢማር ይሻላል ብለው ነገሩት። አባቱም እጅግ አዘነ። ነገር ግን ሮትማን የተባለ ሐኪም፥ እርሱም በዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ ልጁ ለክህነት ባይሆን ለሕክምና ይሆናል ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ አስተማረውም። ሊኔዎስ በ1735 ዓ. ም. የሕክምና ማዕረግ ተቀበለ፤ በኋላም በኡፕሳላ ከተማ የሕክምና መምህር ሆነ። የዓለምን ዕፀዋት በየወገናቸው ለይቶ ስም የሰጠ እርሱ ነው። በጎጃም ማሳ ላይ የሚበቅሉት ገብስና ባቄላ ተልባም፥ በዘጌ ጥላ ሥር የሚያፈራው ቡናም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ሊኔዎስ በሰጣቸው ስም ይጠራሉ።

ሊኔዎስን መምህራኑ ዝቅ አደረጉት፤ ወርቅነህን ደግሞ የምስክር ወረቀታቸው ደረጃ ዝቅ አደረጋቸው። ሁለቱም ግን ትምህርትን አልጠሉም፤ የሰደባቸውን ሰው በመጥላትም ዘመናቸውን አልጨረሱም። የጐደለውን ለመሙላት ደከሙ እንጂ።

ሐኪም ወርቅነህ በቡርማ ሳሉ አንድ ታላቅ ወሬ በዓለም ተሰማ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ የኢጣልያን ጦር ድል አደረጉ። ይህን ወሬ በሰሙ ጊዜ በልባቸው ውስጥ የተዳፈነው እሳት ነደደ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያላዩት አገር ጠራቸው። የአገራቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ ዘመዶቻቸው በሕይወት ይኑሩ ወይም ይሙቱ አያውቁም። ይሁን እንጂ አገራቸው ሐኪም እንደሚያስፈልጋት ዐወቁ። ከሥራቸው ፈቃድ ተቀብለው መንገድ ጀመሩ፤ በ1892 ዓ. ም. ገደማም አዲስ አበባ ደረሱ።

በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ያክሙ ጀመር። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበረ፤ የነበሩትም ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከየስፍራው ቍስለኛውና ሕመምተኛው ወደ ድንኳኑ ተሰበሰበ። ሐኪሙ መልካቸው የአገሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከበሽተኛው ጋራ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። ሰውም ይህን አይቶ ተደነቀ።

ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚለው ወሬ በአገር ተሰማ። አያታቸውም በሕይወት ነበሩና ሰሙ፤ ሊያዩዋቸውም መጡ። ሕፃን ሳሉ በአካላቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አያታቸው ያውቁ ነበር። ጠባሳውን አይተው የጠፋው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩ። 30 ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ባለ መንገድ ስሙን አገኘ፤ ከዚያም ጀምሮ ወርቅነህ እሸቴ ተብለው ተጠሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀብሮ የነበረ ስም ከመቃብር የተነሣ ያህል ነበረ።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ትምህርት በፊታቸው ቆመ፤ እርሱም አማርኛ ነው። በላሆርና በኤዲንበርግ የተፈተኑ ሊቅ፥ የጎንደር ሕፃን ሁሉ የሚናገረውን ቋንቋ ከመጀመሪያው መማር ነበረባቸው። ይህንንም አላፈሩበትም። ተማሩት፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በ1920 ዓ. ም. ስለ ዓለም ምድርና ሕዝብ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። ቋንቋውን አጥቶ የነበረው ሰው በዚያው ቋንቋ የሌሎች ልጆች መምህር ሆነ።

ሐኪም ወርቅነህ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላይ ስለ ነበሩ ወደ ቡርማ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በ1900 ዓ. ም. ግን በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተመልሰው መጡ። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ እንደ ገና ወደ ቡርማ ሄደው የአገልግሎታቸውን ዘመን ፈጸሙ። በ1911 ዓ. ም. ገደማም ወደ አገራቸው ተመልሰው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አደረጉ።

ሐኪም ወርቅነህ የሰው አካል ብቻ ሳይሆን አገርም መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት ያውቁ ነበር፤ የአገር መድኃኒት ትምህርት ነው። በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑ። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆችም ትምህርት እንዲያገኙ ደከሙ። እርሳቸው ራሳቸው ወላጅ አልባ ሆነው በሰው ቸርነት ተምረዋልና፥ ረዳት የሌለውን ልጅ አልረሱም።

የጣና ባሕርም ነገር በታሪካቸው ውስጥ ይገኛል። ከዱርቤቴ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ግልገል አባይን ይሻገራል። ይህ ወንዝ ወደ ጣና ይገባል፤ ታላቁም አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ይወርዳል። በ1920 ዓ. ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ ግድብ ለማሠራት አሰቡ። ሥራውን ለአንድ የአሜሪካ ማኅበር ለመስጠት ስለ ፈለጉ ሐኪም ወርቅነህን መልእክተኛ አድርገው ወደ ኒውዮርክ ላኩ። እርሳቸውም ሄደው ከማኅበሩ ጋራ ተነጋገሩ። በዚያው ጕዞ በአሜሪካ የሚኖሩት ጥቁር ሕዝቦች በሙያቸው ኢትዮጵያን እንዲረዱ ጠየቁ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። ሆኖም በአንድ ወቅት በባዕድ አገር ረዳት ሐኪም የነበረው ሰው፥ ስለ ጣና ውሃ በኢትዮጵያ ስም ለመነጋገር በቃ።

ከዚህ በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር በሐረርጌ የሚገኝ ቡና አብቃይ ደጋ ነው። በዚያም አስተዳደሩን በአዲስ ደንብ ለማደራጀትና መንገድ ለማሠራት ተጉ። በ1927 ዓ. ም. ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ይሠሩ ነበር። ያን ጊዜ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ትዘጋጅ ነበርና የአገራቸውን እውነት ለእንግሊዝ ሕዝብ ማስረዳት የእርሳቸው ሥራ ሆነ። ለቍስለኞች መድኃኒትና ገንዘብ እንዲሰበሰብም ደከሙ።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ኀዘን አገኛቸው። ዮሴፍና ብንያም የተባሉት ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር የመሐንዲስነት ትምህርት ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። ጠላት በገባ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋራ ሆነው ስለ አገራቸው ተዋጉ። በ1929 ዓ. ም. ኢጣልያኖች ያዟቸው፤ ገደሏቸውም። አባታቸው በሕፃንነታቸው በጦርነት ወላጆቻቸውን አጡ፤ በእርጅናቸው ደግሞ በጦርነት ልጆቻቸውን አጡ። ትምህርት ሰውን ከኀዘን አያድንም። ነገር ግን በኀዘን ጊዜ ሥራውን እንዳይተው ያጸናዋል። ሐኪም ወርቅነህም ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት መከራከርን አልተዉም።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ. ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ. ም. መጀመሪያም ወደ 88 ዓመት በሚጠጋ ዕድሜ ዐረፉ። በመቅደላ ብቻውን የቀረው ሕፃን ዕድሜ ጠግቦ በአገሩ ምድር ተቀበረ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምትማሩት ነገር አለ። ዝቅተኛ ነጥብ እውነትን ይናገራል፤ ተማሪው ገና ያላወቀው ነገር እንዳለ ያሳያል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ልጅ ነጥቡን አይደብቅ፥ መምህሩንም አይጥላ። ነገር ግን ያ ነጥብ የሚናገረው ስለ ትናንት ብቻ ነው፤ ስለ ነገ አይናገርም። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ቍጥርን ካላወቀ ቍጥርን ይማር፤ መድኃኒት በልክ ይሰጣልና። ንባብ ከከበደው ንባብን ይድገም፤ የመድኃኒቱን ስም ያላነበበ ሐኪም በሽተኛውን ይጎዳልና። ትዕግሥት ካጣም ትዕግሥትን ይልመድ፤ በሽተኛ ትዕግሥት ይፈልጋልና። ይህን ሁሉ ለመማር አንድ ዓመት ባይበቃ ሁለት ዓመት ይጨመር።

የታመመ ሰው ሐኪሙን በስንት ዓመት ተማርህ ብሎ አይጠይቀውም። ሕመሙን ዐውቆ እንዲፈውሰው ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ ፈጥኖ ከመጨረስ ይልቅ በደንብ ማወቅ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከመውደቅም ይልቅ ወድቆ መቅረት የከፋ ነው።